ተመላሽ ዕቃ፦ ነጋዴዎች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ዕቃ ከፋብሪካ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ደንበኛ ሲሄድ ሁሉም ይከታተለዋል። ሂሳቡ ይጻፋል። ለመኪናው ይደወላል። ጫኝና አውራጅ ይጠራል። ያው ዕቃ ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ባለቤት ያጣል። ብዙ ሱቅ ውስጥ አንድ ጥግ አለ። ገመዱ የተቃጠለ ካውያ፣ ካርቶኑ የተቀደደ ጁስ መፍጫ፣ ቻርጀሩ የጠፋ ስልክ አቧራ ለብሶ ይቀመጥበታል። እዚያ የተኛው ገንዘብ ነው፤ በየሳምንቱም ዋጋው ይወርዳል።

ይህ ገጽ ለሱቅ ባለቤቶች፣ ለአከፋፋዮች፣ ለአነስተኛ አስመጪዎችና በቴሌግራም ለሚሸጡ የተዘጋጀ ነው።

ተመላሽ ዕቃ የሚባለው የትኛው ነው?

ወደ ኋላ የሚጓዝ ሁሉ። ደንበኛ «ጠበበኝ» ብሎ የመለሰው ጫማ። በዋስትና ጊዜው ውስጥ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ምጣድ። መስከረም አልፎ ሳይሸጥ የቀረ የትምህርት ቤት ቦርሳ። ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ ብስኩት። ባዶ የቢራ ጠርሙስ፣ ባዶ የጋዝ ሲሊንደር። ፋብሪካው ራሱ «መልሱልኝ» ብሎ የሚጠራው ጉድለት ያለበት ምርት። ያለቀለት ባትሪና ያረጀ ኮምፒውተርም እዚሁ ይገባሉ።

መለየቱ ይጠቅማል። ጠርሙሱ ሲሠራ ጀምሮ ተመልሶ እንዲሞላ ታስቦበታል። ምጣዱ ግን ይመለሳል ብሎ ያሰበ የለም። መንገዱም፣ ዋጋውም፣ የሚቀበለው ሰውም አልተዘጋጀም። ራስ ምታቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በአገራችን በደንብ የሚሠራ የመመለሻ ሥርዓት አለ?

አለ። በየግሮሰሪው በር ላይ ተደርድሮ ይታያል፤ የቢራና የለስላሳ ካሳ ነው። ይህን ሥርዓት ሁላችንም ስለለመድነው ትልቅነቱን አናስተውልም። ለእኔ ግን ስለ ተመላሽ ዕቃ መማር የሚፈልግ ሰው ከውጭ አገር ምሳሌ በፊት ይህን ቢያጠና ይሻለዋል።

እስቲ አካሄዱን እንከተለው። ባለ ግሮሰሪው 24 ጠርሙስ የያዘ ሙሉ ካሳ ሲረከብ ባዶ ካሳ ከነጠርሙሱ ይሰጣል። ባዶ ከሌለው መያዣ ይከፍላል። ደንበኛውም ለስላሳ ገዝቶ ወደ ቤት ሊወስድ ሲል ባለ ሱቁ «ጠርሙስ ይዘሃል?» ይለዋል። ካልያዘ ያስይዛል። የአከፋፋዩ አይሱዙ ሙሉውን አራግፎ ባዶውን ጭኖ ይመለሳል። መኪናው በሁለቱም አቅጣጫ ሥራ ላይ ነው። ለመመለሻ ተብሎ የተለየ ነዳጅ አይቃጠልም፤ የተለየ ሾፌርም አይቀጠርም።

ፋብሪካ ሲደርስ ማበጠሩ ይጀምራል። አፉ የተሸረፈ ይወጣል። የሌላ ፋብሪካ ጠርሙስ ይለያል፤ አንዳንዶቹ ስማቸውን በመስታወቱ ላይ በጉልህ ስለሚያወጡ ሌላው ሊሞላበት አይችልም። ሰው ቤት ወስዶ ላምባ ወይም ዘይት ያስቀመጠበት ጠርሙስ ደግሞ ለፋብሪካው ትልቅ ጣጣ ነው። ሽታው በቀላሉ አይለቅም። የተረፈው በሙቅ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ይታጠባል፣ አሮጌው ወረቀት ይላጣል፣ በመሣሪያ ይፈተሻል፣ እንደገና ይሞላል። በአግባቡ የተያዘ ጠርሙስ 20 ጊዜና ከዚያም በላይ ሊመላለስ ይችላል።

እንዲህ የሠራው ለምንድን ነው? ባዶው የታወቀ ዋጋ አለው። የሚሄድበት መንገድ ሙሉው የመጣበት መንገድ ነው። የሚቀበለው ሰው ደግሞ ቆሞ አያስብም፤ ተሸርፏል ወይስ አልተሸረፈም ብሎ በዓይኑ አይቶ ይወስናል። ዋጋ፣ መንገድ፣ ፈጣን ውሳኔ። ከዚህ በታች የምመልሰው አብዛኛው ጥያቄ ዞሮ ዞሮ ከእነዚህ አንዱ ሲጎድል የሚመጣ ነው።

ሥርዓቱ እንከን የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ጥር ላይ ሰርግ ሲበዛ ካሳው በየድንኳኑ ይበተናል፤ ባዶው ተሰብስቦ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል። በዓል ሲመጣ ሙሉ ቢራ ፈልጎ ባዶ ያጣ ባለ ግሮሰሪ ባዶ ካሳ ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል።

መያዣው ስንት መሆን አለበት?

ሰው ጠርሙሱን ከመጣል መመለስን እንዲመርጥ የሚያደርገው ያህል። በጣም ካነሰ ጠርሙሱ ቤት ይቀራል። በጣም ከበዛ ደግሞ ገዢው ይሸሻል፤ ሐሰተኛ ባዶ የሚያመጣም ይፈጠራል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነገር የዋጋ ንረት ነው። የአዲስ ጠርሙስ ዋጋ ሲያድግ መያዣው ባለበት ከቆመ ልዩነቱ ፋብሪካው ላይ ያርፋል። ጀርመንን ተመልከቱ። እዚያ የምትኖሩ አንባቢዎች ፕፋንድ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ አንዴ ተጠቅመው በሚጥሉት ቆርቆሮና ፕላስቲክ ላይ መያዣ አለ፤ 25 የዩሮ ሳንቲም ነው። ተመላልሶ የሚሞላው የቢራ ጠርሙስ ግን 8 ሳንቲም ብቻ ነው። አዲስ ጠርሙስ ለማሠራት ከዚያ በላይ ይወጣል። በ2018 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ ሙቀት ሲበረታና ቢራ ሲፈለግ አንዳንድ ጠማቂዎች ጠርሙስ አጠራቸው። ሕዝቡን «እባካችሁ ባዶውን መልሱልን» ብለው እስከ መለመን ደረሱ።

እስራኤል ያላችሁ ደግሞ 30 አጎሮት (የእስራኤል ሳንቲም) የሚመለስበትን ጠርሙስ ታውቃላችሁ። ሥርዓቱ መጀመሪያ ትንንሹን ብቻ ያካትት ነበር፤ በ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ትልልቁንም ጨመረ።

ስለዚህ መያዣ የምታስይዙ ነጋዴዎች በዓመት አንዴ መጠኑን ከአዲሱ ዕቃ ዋጋ ጋር አወዳድሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ሁሉ ላይ ይህ ልዩነት ሰፍቷል።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ብዬ መለጠፍ እችላለሁ?

ወረቀቱን ብዙ ሱቅ ለጥፎታል፤ ደረሰኝ ላይም ታትሞ ይታያል። ጉድለት ላለበት ዕቃ ግን ማስታወቂያው ሕግን አይሽርም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ የገዛው ዕቃ ጉድለት ካለበት በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። በውል ወይም በዋስትና የተሻለ ጊዜ ተሰጥቶት ከሆነ የተሻለው ይሠራል።

ደንበኛው ሐሳቡን ስለቀየረ ብቻ ሲመልስ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ሱቁ የራሱን ደንብ ማውጣት ይችላል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኦንላይን የገዛ ሰው ምክንያት ሳይሰጥ በ14 ቀን ውስጥ መመለስ ይችላል፤ ዘመድ ከዚያ ሲመጣ «እንዴት አይመለስም?» ብሎ የሚገረመው ለዚህ ነው።

የእኔ ምክር አጭር ነው። «አይመለስም» የሚለውን አውልቁና በምን ሁኔታ፣ በስንት ቀን፣ ምን ይዞ ሲመጣ እንደሚመለስ ጻፉ። ደንበኛ የሚጨቃጨቀው ደንቡ ጥብቅ ስለሆነ አይደለም፤ ሰው አይቶ የሚቀያየር ሲመስለው ነው።

ደንበኛ ዕቃ ይዞ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ልጠይቅ?

ደረሰኝ፣ መለያ ቁጥር፣ ምክንያት። ደረሰኙ መቼና በስንት እንደተሸጠ ይነግራችኋል። መለያ ቁጥሩ ዕቃው በእርግጥ ከእናንተ የወጣ መሆኑን ያሳያል፤ ለዚህም ሲሸጥ ቁጥሩ ደረሰኙ ላይ መጻፍ አለበት። ስልክና ላፕቶፕ የሚሸጡ ይህን ያደርጋሉ። ምጣድና ፍሪጅ የሚሸጡም ቢያደርጉ ምን አለበት?

ምክንያቱን «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትለፉት። የማይሞቅ ነው? አንድ በኩል ብቻ ነው የሚሞቀው? መቼ ጀመረ? ቤቱ የመብራት መዋዠቅ አለ? ይህን የምትጽፉት ለፎርም ብላችሁ ሳይሆን በወሩ መጨረሻ ልታነቡት ነው። ከአንድ ፋብሪካ ከመጡ ምጣዶች ብዙዎቹ በአንድ በኩል ብቻ የሚሞቁ ሆነው ከተገኙ ጥፋቱ የደንበኛ አይደለም። የምትነጋገሩት ከአቅራቢው ጋር ነው፤ በእጃችሁም ማስረጃ አለ።

የተመለሰውን ዕቃ ምን ላድርገው?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው።

አንድ ዕቃ ሲመለስ ያሉት መውጫዎች ጥቂት ናቸው። ምንም ካልሆነ ታሽጎ ወደ መደርደሪያው ይመለሳል። ትንሽ ነገር ከጎደለው ተጠግኖ «ያገለገለ» ወይም «የተጠገነ» ተብሎ በግልጽ ተጽፎበት በቅናሽ ይሸጣል። መጠገኑ ካላዋጣ ይፈታና ደህናው ክፍል ለመለዋወጫ ይቀመጣል። ይህም ካልሆነ በኪሎ ለብረት ወይም ለፕላስቲክ ይሸጣል። አቅራቢው መልሶ የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ለእሱ ይላካል።

ከላይ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር የምታገኙት ይቀንሳል። ብዙ ዕቃ ከላይኛው መውጫ ወደ ታችኛው የሚወርደው ብልሽቱ ከባድ ሆኖ አይደለም። ውሳኔ ስለዘገየ ነው። ስልክ ወር ሲቀመጥ አዲስ ሞዴል ይወጣበታል። የልጆች ጫማ ክረምቱን ካለፈ ገዢው ሌላ ዓመት ነው። የምጣዱ ሳህን ጥግ ላይ ተደራርቦ ይሰነጠቃል፤ ያኔ ሽቦውን መቀየርም ትርጉም ያጣል። ሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ እርጥበት ያገኘው እንደሆነ ጨርሶ ይደርቃል።

ለምሳሌ ያህል አንድ ጁስ መፍጫ በ6,000 ብር ትሸጣላችሁ እንበል። ተመለሰ፤ የተበላሸው ማብሪያው ብቻ ነው። ማብሪያውና የባለሙያው ዋጋ 500 ብር ቢሆን፣ በሳምንቱ ተጠግኖ በ4,800 ብር ቢሸጥ በእጃችሁ 4,300 ይቀራል። ስድስት ወር ጥግ ከተኛ ክዳኑ ይጠፋል፣ ካርቶኑን አይጥ ይበላዋል። ያኔ 2,000 ብር የሚሰጣችሁ ብታገኙ ጥሩ ነው። ጥገናው ግን ያው 500 ብር ነው። ልዩነቱን የፈጠረው የተኛበት ጊዜ ነው።

በዓለም ላይ ይህን ቀድመው የገባቸው ድርጅቶች አሉ። የግንባታ ማሽን አምራቹ ካተርፒላር ከእ.ኤ.አ. 1973 ጀምሮ ያረጁ ሞተሮችንና ክፍሎችን እየሰበሰበ እንደ አዲስ አድርጎ ያድሳል። የታደሰ ክፍል የሚገዛ ደንበኛ መያዣ ይከፍላል፤ አሮጌውን ሲመልስ መያዣው ይመለስለታል። ካሳና ጠርሙስ ማለት እኮ ነው፤ ዕቃው ብቻ ከበደ።

ለተመላሽ የተለየ መጋዘን ያስፈልጋል?

ለትንሽ ሱቅ አያስፈልግም። የተለየ መደርደሪያ ግን ግድ ነው። የተመለሰ ዕቃ ከአዲሱ ጋር ከተቀላቀለ የተበላሸው ተመልሶ ይሸጣል፤ ሁለተኛውን ደንበኛ ታጣላችሁ። እያንዳንዱ ላይ የተመለሰበት ቀንና ምክንያት የተጻፈበት ወረቀት ለጥፉ። ኃላፊነቱንም ለአንድ ሰው ስጡ። የሁሉም ሥራ የሆነ ነገር የማንም አይሆንም።

ከውጭ ያስገባሁት ዕቃ ጉድለት ቢኖረውስ?

እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከቻይና ወይም ከዱባይ የመጣን ጥቂት ካርቶን መልሶ በጅቡቲ በኩል መላክ ከዕቃው ዋጋ በላይ ሊያስወጣ ይችላል። የጉምሩክ ሰነዱም ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስለዚህ አብዛኛው አስመጪ ዕቃውን አይመልስም፤ የጉዳት ካሳ ይጠይቃል። ካሳው የሚገኘው ግን ገና ሲገዛ የተስማማ እንደሆነ ነው።

ከማዘዛችሁ በፊት በጽሑፍ ተነጋገሩ። ጉድለት ቢገኝ ምትኩ በሚቀጥለው ኮንቴይነር ይላካል ወይስ ከሚቀጥለው ክፍያ ይቀነሳል? ከዕቃው ጋር ስንት መለዋወጫ በነፃ ይመጣል? ይህ የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ከ500 ምጣድ ጋር ጥቂት ደርዘን ሽቦና ማብሪያ አብሮ ቢመጣ ተመላሹን እዚሁ ጠግናችሁ ትሸጣላችሁ። መለዋወጫ ለብቻው ለማስመጣት ዶላር መፈለግ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ።

ኮንቴይነሩ ሲከፈት ፎቶና ቪዲዮ አንሡ። የካርቶኑ ቁጥር ይታይ። ጉድለቱንም ሳትውሉ ሳታድሩ አሳውቁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ራሱ ገዢ ዕቃውን ፈትሾ ጉድለቱን ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያስታውቅ ይጠብቅበታል። አገር ውስጥ ከጅምላ ሻጭ ስትገዙም ይህን አትርሱ።

በቴሌግራም ነው የምሸጠው፤ ደንበኛ በር ላይ ይመልስብኛል። ምን ላድርግ?

ሞተረኛው ጫማውን ይዞ ሲኤምሲ ይደርሳል። ደንበኛዋ ታየዋለች፤ «ፎቶው ላይ እንዲህ አይደለም» ትላለች። ጫማው ይመለሳል፤ የሞተረኛው ሂሳብ የእናንተ ይሆናል።

ይህ የእናንተ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. የተመለሰው የችርቻሮ ዕቃ 743 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል፤ ከሽያጩ 14.5 በመቶ ማለት ነው። ኦንላይን የተሸጠው ሱቅ ገብቶ ከተገዛው የበለጠ ይመለሳል። ምክንያቱም ገዢው አልዳሰሰውም፣ አልለካውም።

ስለዚህ ሥራው ያለው ከመላኩ በፊት ነው። ፎቶውን ራሳችሁ በተፈጥሮ ብርሃን አንሡ፤ ከፋብሪካው የወረደ ፎቶ አትጠቀሙ። ጫማ ከሆነ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን የውስጥ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር ጻፉ፤ 40 ቁጥር የሚባለው ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያያል። እንከን ካለው እንከኑን ለብቻ አሳዩ። የማድረሻው ሂሳብ ዕቃው ቢመለስም የሚከፈል መሆኑን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ሞተረኛው ሌላ መልእክት ወደዚያው ሰፈር ካለው አቀናጁለት። የተመለሰውንም በዚያው ዕለት መልሳችሁ ቻናሉ ላይ ልቀቁት።

ጊዜው ያለፈበት ምግብና መድኃኒትስ?

እዚህ ላይ ድርድር የለም። ወደ ሽያጭ አይመለስም። ቀኑን ፍቆ ሌላ መለጠፍ ወንጀል ነው፤ ሰው ይገድላል። ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ተለይቶ፣ ተመዝግቦ፣ ተቆልፎ ይቀመጥና በተቆጣጣሪው አካል ደንብ መሠረት ይወገዳል። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣልም፤ አንሥቶ የሚሸጠው አይጠፋምና።

መከላከያው አንድ ነው። መጀመሪያ የገባው ሳይሆን መጀመሪያ ጊዜው የሚያልፈው ከፊት ይደርደር። ከአከፋፋይ ስትረከቡም ስንት ወር የቀረው ዕቃ እንደምትቀበሉና ሳይሸጥ ከቀረ እስከ መቼ እንደሚመልስላችሁ አስቀድማችሁ ተዋዋሉ።

ፋብሪካው «ምርቱን መልሱ» ሲልስ ምን ይደረጋል?

የሳምሰንግ ጋላክሲ ኖት 7 ታሪክ ጥሩ ትምህርት ነው። በነሐሴ 2016 እ.ኤ.አ. ለገበያ ወጣ። ባትሪው እሳት ያስነሣ ጀመር። ኩባንያው 2.5 ሚሊዮን ያህል ስልክ ጠራ። ምትክ የተሰጠውም ተቃጠለ፤ በጥቅምት ምርቱ ጨርሶ ቆመ። አየር መንገዶች ስልኩ አውሮፕላን ላይ እንዳይገባ ከለከሉ።

ብዙ ሰው የሚያውቀው እስከዚህ ነው። ቀጥሎ የሆነው ግን ለእኛ ርዕስ ይበልጥ ይጠቅማል። በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ ላይ ሳምሰንግ የተመለሱ ስልኮችንና ያልተነኩ ክፍሎችን ተጠቅሞ፣ አነስ ያለ ባትሪ አስገብቶ፣ ኖት ኤፍኢ የተባለ ስልክ ኮሪያ ውስጥ ሸጠ፤ 400,000 ያህል ነበር። ከተረፈው ደግሞ ወርቅ፣ ብርና መዳብን ጨምሮ ብረታ ብረት አወጣ። በአንድ ክፍል ጉድለት የተነሣ ስልኩ በሙሉ ቆሻሻ እንዲሆን አልፈቀደም።

ከእኛ ወገንም መጥቀስ ይቻላል። በ2008 እ.ኤ.አ. ጃፓን በኢትዮጵያ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘች። ትልቅ ገዢ የነበረችው አገር ፍተሻውን አጠበቀች፤ ወደዚያ የሚላከው ቡና ክፉኛ ወረደ። ጥርጣሬው ካረፈባቸው ነገሮች አንዱ ቡናው የተሞላበት ጆንያ ነበር። የትኛው ጭነት፣ ከየት፣ በየትኛው ጆንያ መጣ የሚለው በግልጽ ካልታወቀ ጥቂት የተበከለ ኩንታል የሁሉንም ስም ያጠፋል።

ስለዚህ የምርት ቁጥር ያለው ዕቃ ስትሸጡ ቁጥሩን መዝግቡ። ሳሙናም ይሁን የቲማቲም ድልህ፣ የትኛው ካርቶን ለየትኛው ሱቅ እንደሄደ ካወቃችሁ አንዱን ጭነት ብቻ ትሰበስባላችሁ። ካላወቃችሁ ሁሉንም።

ቆራሌውና ምናለሽ ተራ እዚህ ውስጥ ቦታ አላቸው?

ትልቅ ቦታ አላቸው፤ ሥራቸው ከሚገባው በታች ነው የሚነገረው። ጆንያውን ትከሻው ላይ አድርጎ «ቆራሌው!» እያለ የሚዞረው ልጅ ከየቤቱ የሚሰበስበው ነገር የትም ፋብሪካ በራሱ መኪና ሊሰበስበው የማይችለውን ነው። ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ፕላስቲክ ወንበር፣ አሮጌ ሬዲዮ። ዋጋ ይተምናል፣ በጥሬ ገንዘብ ይከፍላል፣ ይለያል። በየሰፈሩ የጎደለውን «የሚቀበል ሰው» እሱ ይሞላዋል።

መርካቶ ምናለሽ ተራ ስትገቡ ደግሞ ቀጣዩን ደረጃ ታያላችሁ። በርሜል ተቀዶ ምድጃ ይሆናል። የመኪና ጎማ ተቆርጦ ጫማና ገመድ ይወጣዋል። ጀሪካን ታጥቦ ይሸጣል። ብረቱ ተለይቶ ወደ ማቅለጫ ይሄዳል። እዚያ ያሉ ሰዎች አንድን ዕቃ አይተው የትኛው ክፍሉ እንደሚሸጥ በአንዴ ይነግሯችኋል። ይህ ዕውቀት በየትኛውም መጋዘን ቢኖር ውድ ባለሙያ ያስቀጥራል።

የእኔ እምነት ድርጅቶች ከእነዚህ ሰዎች ጎን ለጎን ሌላ መሰብሰቢያ ከመዘርጋት ከእነሱ ጋር ቢዋዋሉ ይሻላል የሚል ነው። የታወቀ ዋጋ፣ የታወቀ የመረከቢያ ቀን፣ ጓንትና ጫማ። ሰብሳቢው በደላላ በደላላ የሚያጣው ገንዘብ ይቀርለታል፤ ድርጅቱም የተለየና ንጹሕ ዕቃ ያገኛል።

ሃይላንድስ? ለምንድን ነው እንደ ቢራ ጠርሙስ የማይመለሰው?

ባዶው የፕላስቲክ ውሃ መያዣ ቀላል ነው፤ አንድ አይሱዙ ሙሉ ብትጭኑ የምትጭኑት አየር ነው። ተመልሶም አይሞላም። ስለዚህ ዋጋ የሚያወጣው ተጨፍልቆ፣ ታስሮ፣ በኪሎ ሲሸጥ ነው። ከየቦታው የሚሰበስብ ሰው የመጨፍለቂያ ማሽን ያለበት ቦታ ካልቀረበው ድካሙ ትራንስፖርት ላይ ያልቃል። ክዳኑንና ወረቀቱን ለይቶ ማስረከብ ኪሎውን የተሻለ ዋጋ ያስገኝለታል።

ሕጉ ይህን ጉዳይ ረስቶት አያውቅም። የ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 የመስታወት መያዣና የቆርቆሮ ጣሳ አምራቾችና አስመጪዎች ያገለገለውን መልሰው ጥቅም ላይ የሚያውሉበት ሥርዓት እንዲዘረጉ ያዝዝ ነበር። ለመስታወቱ የሠራው ሕጉ ብቻ አይመስለኝም፤ ከሕጉ በፊትም የመያዣ ገንዘቡ ነበርና። ሃይላንድ ላይ የመያዣ ገንዘብ የለም።

አሮጌ ባትሪና ኤሌክትሮኒክስ ለማን ይሰጥ?

የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው እርሳስ እንደገና ቀልጦ ይሠራል፤ ገዢ ያለው ዕቃ ነው። በግቢ ውስጥ ሰብሮ አሲዱን መድፋትና በከሰል ማቅለጥ ግን ልጆችን ይመርዛል። እርሳስ አእምሮን ይጎዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ባትሪ የምትሸጡ ከሆነ አዲሱን ለሚገዛ ሰው አሮጌውን በቅናሽ ተቀበሉት፤ ሳይሰበር፣ አሲዱ ሳይደፋ ፈቃድ ላለው ድርጅት አስረክቡ።

ለኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 425/2010 አለ። መሥሪያ ቤቶች አሮጌ ኮምፒውተር መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ያከማቻሉ፤ ንብረት የማስወገድ ሂደቱን ስለሚፈሩት ነው። በሦስተኛው ዓመት ቢወጣ ትምህርት ቤት ይጠቀምበት የነበረው በአሥረኛው ዓመት ለመዳቡ ብቻ ይፈለጋል።

በተመላሽ ስም የሚያጭበረብር አይበዛም?

ይኖራል። ኦርጅናሉን ወስዶ ፎርጅዱን የሚመልስ፣ ለሰርግ ለብሶ ሰኞ የሚያመጣ። መለያ ቁጥርና የማሸጊያ ምልክት አብዛኛውን ይይዛል። ጥቂቶችን ፈርቶ ሁሉንም ደንበኛ እንደ ሌባ ማየት ግን ያከስራል።

ታክሱስ እንዴት ይስተካከላል?

ተጨማሪ እሴት ታክስ ሰብስባችሁ የሸጣችሁት ዕቃ ሲመለስ ገንዘቡን ከመሳቢያ አውጥቶ መስጠት ብቻ አይበቃም። ሽያጩ በመዝገብ እንዳለ ይቀራል፤ 15 በመቶውንም ትከፍሉበታላችሁ። የተመላሽ ሰነድ ወይም ክሬዲት ኖት ተዘጋጅቶ ከዋናው ደረሰኝ ጋር መያያዝ አለበት። ሂሳብ ሠራተኛችሁን በወሩ መጨረሻ ሳይሆን ዕቃው በተመለሰ ዕለት ጥሩት።

ብዙ ነገር ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጥግ ላይ ካለው ክምር። አንድ ከሰዓት መድቡና ሁሉንም አውጥታችሁ ዘርዝሩ፤ ምን ነው፣ መቼ ተመለሰ፣ ለምን። ሊጠገን የሚችለውን ለባለሙያ አሳዩ። የማይጠገነውን በዚያው ሳምንት ለቆራሌው አስረክቡ። የተገኘውን ብርም ለብቻ ጻፉት፤ ሠራተኞቻችሁ ሲያዩት ለሥራው ያላቸው ስሜት ይለወጣል።

ከዚያ በኋላ የምትከታተሉት አንድ ቁጥር ይሁን። ዕቃው ከተመለሰበት ቀን እስከ ተወሰነበት ቀን ስንት ቀን ሆነ? ለስልክና ለልብስ ከሳምንት ካለፈ ረዝሟል። ለምጣድና ለፍሪጅ ሁለት ሳምንት ይበቃል። ቁጥሩ ሲያድግ ብዙ ጊዜ የጠፋው የሚወስን ሰው ነው። ኃላፊው ሠራተኛ እስከ ስንት ብር ድረስ እናንተን ሳይጠይቅ መወሰን እንደሚችል ንገሩት፤ በጽሑፍ ይሁን።